አልፈርምም ያለው የአክስቴ ልጅ

የአክስቴ ልጅና እኔ የተወለድነው በአንድ ዓመት ነው። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተማርን። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ እንዲህ አብረው ያደጉ ሁለት ልጆች ካሉ ሰው ማወዳደሩን አይተውም። ማን ረዘመ፣ ማንን ቀለም ገባው፣ ማን ሰው ያከብራል። በቀለሙ እኔ እበልጥ ነበር። በሌላው ሁሉ እሱ።

አውሮፕላን የእኔ ነገር ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ዛሬ ከተማው ውስጥ ቢጠየቅ ከልጅነቱ አውሮፕላን ሲወድ ያደገው እሱ ነው የሚባለው። አይደለም። ክንፍ ለምን ወደ ላይ እንደሚነሳ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ እፍ ብዬ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እሱ ወረቀቱን ተቀብሎ ጠቀለለና ጆሮውን ጎረጎረበት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስን አየር ኃይል ወጣቶችን እየመለመለ ነው ተባለና ደሴ ሄድን። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ማመልከቻውንም ለሁለታችን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ የመጣው ብቻዬን እንዳልሄድ ነው። የዓይን ምርመራው ላይ ግን፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፊደሎች ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ሁሉም ተደባለቁብኝ። እሱ ተራው ሲደርስ እስከ መጨረሻው አነበበና ከሥር በደቃቁ የታተመውን የማተሚያ ቤት ስም ጨመረበት። መርማሪው ሳቀ። እኔ መነፅር እንዳደርግ ተነግሮኝ በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ተመለስኩ፤ እሱ የሄሊኮፕተር ጥገና ሊማር ሄደ።

ፊዚክስ አጥንቼ ባደግኩበት ከተማ አስተማሪ ሆንኩ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ጥቁር ሰሌዳውን በመስመር ከፍዬ፣ ርዕስ ጽፌ፣ ነገርን ከሥሩ ጀምሬ ማስረዳት ደስ ይለኛል። ግን ስለ ግፊትና ስለ ክንፍ የማስተምርበት ሳምንት በመጣ ቁጥር አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል፤ «ቲቸር፣ የአክስትህ ልጅ ሄሊኮፕተር ነው አሉ የሚሠራው?» ይላል። ሁልጊዜ አንድ ተማሪ አይጠፋም።

እሱ ወታደር ቤት እያለ የመንግሥት ለውጡ መጣ። ከተማው በተስፋና በወሬ በተሞላበት ሰሞን በእረፍት ፈቃድ ሐይቅ መጥቶ ነበር። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው። ስለ አገር ጉዳይ ለአንድ የጥገና ሠራተኛ ማን ምን ይነግረዋል? እሱም «አብሽሩ፣ ጥሩ ይሆናል» ይላል፤ ሰዉም እንደ ትልቅ ምስጢር ይቀበለዋል። ጋዜጣ የማነበው እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር።

ጥሩ አልሆነም። ጦርነቱ መጣ። ውጊያው ወደ እኛ ሲጠጋ አክስቴ የልጇን የደንብ ልብስ ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ በፌስታል ጠቀለለችና ማሽላ ጆንያ ውስጥ ቀበረችው። የጆንያውን አፍ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም። በእንዲያ ያለ ሰዓት እንኳ አንድ ነገር ውስጤን ቆንጠጥ አደረገኝ፤ የእኔን ፎቶ መደበቅ ያስፈለገው ሰው አልነበረም። በምረቃዬ ቀን የተነሳሁት ፎቶ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ጦርነቱን ጨረሰ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የአክስቴ ልጅ የአገልግሎት ውሉን ፈጽሞ በክብር ተሰናበተና መጣ። አንድ ሰሞን አክስቴ ቤት ሰው አልተለየም። ትምህርት ቤታችን ወንበሩም መስኮቱም ከጦርነቱ አልተረፈለትም ነበርና ተማሪዎቼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይማሩ ነበር፤ እሱ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ድንጋዩንም ትተውት ይወጣሉ። ዳይሬክተራችን በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ አምስት ደቂቃ እንዲናገር ጋበዘው። ግማሽ ክፍለ ጊዜ ተናገረ። ግማሽ ክፍለ ጊዜው የእኔ ነበር። አጠገቤ የቆመችው የኬሚስትሪ መምህርት፣ እኔ በቀልዴ አስቄያት የማላውቃት፣ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ ግን ገና አልታወቀም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ የኪራይ አውሮፕላን ኩባንያ ከወታደር ቤት የወጡ የጥገና ሰዎችን እየፈተነ ይቀበል ነበር። ከገባ እዚያ እየሠራ የሲቪሉን የሙያ ፈቃድ ይይዛል። ካልገባ ዱባይ ያለችው እህቱ ለሹፌርነት ቪዛ ልትልክለት ተዘጋጅታለች። አክስቴ አንዷን ልጇን ለዓረብ አገር ሰጥታለች። ጦርነት የመለሰላትን ሁለተኛውን ልትሰጥ አልፈለገችም።

ሄዶ ተፈተነና ወደቀ። በተመለሰ ማግስት ሐይቁ ዳር ወዳለችው ዓሣ ቤት ጠራኝ። ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ መጣ።

«እንግሊዝኛው ነው አይደል?» አልኩት። እንግሊዝኛው እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

«እንግሊዝኛውን አለፍኩት።»

«ሒሳቡ?»

«አለፍኩት። ቲቸር፣ ምነው ዛሬ አንተም ፈታኝ ሆንክብኝ?»

«ታዲያ ምኑ ላይ ወደቅክ?»

ዓሣውን ትቶ እጁን ጠረገ። «የተግባሩ ላይ። ጎማ ግጠም አሉኝ። ጎማ ለእኔ ምኔ ነው። አጋምሼው ሳለ አንዱ መጣና ‹ና ይህን ዕቃ አንሳልኝ› አለኝ፤ ሄጄ አነሳሁ። ስመለስ ሽማግሌው ፈታኝ ሰዓቱን እያየ፣ ‹ተሳፋሪ ገብቷል፣ ካፒቴኑ እየጠበቀ ነው፣ ፈርምና እንሂድ› አለኝ።»

«አልጨረስክም ነበራ።»

«ሁለት ብሎን ይቀረኝ ነበር።»

«እና?»

«ፈረምኩ።»

«ሁለት ብሎን እንደሚቀርህ እያወቅክ?»

«አለቃ ነዋ ያለኝ» አለ። «ደግሞ እኛ ጋ አለቃው መጥቶ በእጁ ነክቶ ሳያይ የሚነሳ ነገር የለም። ሊያየው ይመጣል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት። ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀበለኝና ‹በዚህ አውሮፕላን የተሳፈሩትን ሰዎች ገደልካቸው፤ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ዙር አለ፣ ሞክር› አለኝ።»

እዚህ ላይ ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ለሰው ሁሉ ግልጽ ላይሆን ይችላል። እሱ በነበረበት ቦታ ሥራው የቡድን ነው። አለቃው ያዝዛል፣ ሠራተኛው ይሠራል፣ አለቃው እየዞረ ይፈትሻል፣ ኃላፊነቱን ይወስዳል። የሠራተኛው ጥሩነት የሚለካው በፍጥነት በመታዘዙ ነው፤ እሱም በዚህ የተመሰገነ ነበር። በሲቪሉ ደግሞ የሠራው ሰው ራሱ ነው የሚፈርመው። ከጀመረው ሥራ አንድ ጊዜ ከተነሳ ሲመለስ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከመጀመሪያው ብሎን ጀምሮ እንደገና ይፈትሻል። አለቃ ቢቸኩል፣ ተሳፋሪ ቢጮህ፣ ካልጨረሰ አልጨረስኩም ይላል። ፈተናው የሚለካው ብሎን ማጥበቅ መቻሉን አልነበረም። ሰባት ዓመት ሙሉ እሺ በማለቱ የተወደደ ሰው እምቢ ማለት መቻሉን ነበር።

ይህን ሁሉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ በሹካ እያሳየሁ አስረዳሁት። አዘንኩለት ብል ውሸት ነው። ዓሣው በጣም ጣፈጠኝ።

አክስቴ በማግስቱ እኛ ቤት መጣች። «አንተ ነህ የምታስረዳው» አለችኝ። «እንደ ምንም ብለህ አስገባልኝ። ይህ ልጅ ዱባይ ከሄደ ቤቴ ባዶ ቀረ ማለት ነው።»

«የሚከብደው ነገር ትምህርት አይደለም እኮ አክስቴ።»

«ለአንተ ምን ይከብድሃል። ለስንቱ የሰው ልጅ አስረድተህ የለም እንዴ።»

ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጀሁ። አላጋነንኩም፤ ለተማሪዎቼ በማዘጋጅበት ወረቀት ላይ በሠንጠረዥ ጻፍኩት። «የዕለቱ ዓላማ፦ ከዚህ ትምህርት በኋላ ተማሪው እምቢ ማለት ይችላል።» እሱ ይህን ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ወረቀቱን አጣጥፎም ለሰው ሁሉ እያሳየ ዞረ። በሁለተኛው ቀን የኬሚስትሪ መምህርቷ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ «እምቢ የሚባለው ትምህርት ስንት ምዕራፍ አለው?» አለችኝ። ለአንድ ሳምንት በእኔ ዕቅድ ሲሳቅ ሰነበተ።

ሄሊኮፕተር ስለሌለን በባጃጅ ተለማመድን። ሠፈራችን ያለው ባለባጃጅ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከአክስቴ ቤት ፊት ለፊት ያቆምልናል። የአክስቴ ልጅ ጎማውን ይፈታል፣ ይገጥማል። እኔ መሐል ላይ ጠርቼ ውኃ አምጣ፣ ድንጋይ አንሳ እለዋለሁ። ሲመለስ አለቃ ሆኜ «በል ቶሎ ፈርም» እለዋለሁ። የሚፈርመው ከትምህርት ቤት በማመጣው ጠመኔ ባጃጁ ጎን ላይ ነበር።

ሁልጊዜ ይፈርማል። አንዳንዴ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ቀልዶ፣ አንዳንዴ ሳያስበው። ከአፉ እጁ ይቀድማል። ድምፄን ጠንከር ሳደርግ ጭራሽ ተረከዙን ያጋጥማል።

«ለምን ፈረምክ?» እለዋለሁ።

«አዘዝከኛ።»

«እኔ አላዝህም እኮ። እያስመሰልኩ ነው።»

«እኔም እያስመሰልኩ ነው የምታዘዘው።»

ባለባጃጁ መሪው ላይ ተደግፎ ይስቃል። «ቲቸር፣ ይሄን ልጅ እምቢ ከምታስተምረው እኔን መዋኘት ብታስተምረኝ ይሻላል» ይላል። እኔ ዋና እንደማልችል ከተማው ሁሉ ያውቃል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሐይቁን እንደ ቤቱ ነው የሚያውቀው።

ሌላው ዙር ሲቃረብ አንድ የገበያ ቀን ነበር። ባለባጃጁ ሰው ስለበዛበት ሊሰጠን አልፈለገም፤ የአክስቴ ልጅ ግን የኋላው ጎማ ይወዛወዛል ብሎ አስቆመውና ፈታው። አንዲት ዶሮ የታቀፉ እናት ከኋላ ተቀምጠው አልወርድም አሉ። አጠገባቸው የኬሚስትሪ መምህርቷ ነበረች። ቅዳሜ ስለሆነ የክፍል ጋወኗን ሳይሆን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። የአክስቴ ልጅ ከሥር ሆኖ ያወራታል፤ በአንድ ወቅት ከበረራ በፊት ሄሊኮፕተር ውስጥ ድመት ተኝታ እንዳገኙ ይነግራታል። ይህን ታሪክ አሥር ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በመጀመሪያው ላይ ድመት አልነበረችም፣ ርግብ ነበረች። እሷ ወደ መንገዱ ዘንበል ብላ ታዳምጠዋለች።

እንደ ዕቅዳችን ጠራሁትና ሱቅ ድረስ ላክሁት። ሲመለስ ጠመኔውን ሰጠሁት።

«ፈርም» አልኩት።

«ቆይ፣ ድመቷን ልጨርስላት።»

«ፈርም አልኩህ እኮ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ወደ እሷ እያየ፣ እሷም ሳቀች።

እዚህ ድረስ ልምምድ ነበር። ከዚህ በኋላ የተናገርኩት ዕቅዱ ላይ የለም።

«ምን ታወራለህ?» አልኩት። «ፊርማህን አስቀምጥና ተነሳ። ሰባት ዓመት ተነስ ሲሉህ ስትነሳ፣ ተኛ ሲሉህ ስትተኛ አልነበረም እንዴ? ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ? ወታደር ነህ፤ ወታደር ሆነህ ነው የምትቀረው። ጥሩ ዓይን ስላለህ እንጂ ጭንቅላትህን ማን ፈልጎት ያውቃል። ፈርም።»

ድምፄ ለራሴም ባዕድ ሆነብኝ። የኬሚስትሪ መምህርቷ ሳቋን አቆመች። የእናትየዋ ዶሮ ብቻ ትንጫጫለች።

የአክስቴ ልጅ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጆሮው ቀልቷል።

«ዳይሬክተሩ ሲያስል አብረህ የምታስለው አንተ፣ እኔን ወታደር ትለኛለህ?» አለኝ።

«ፈርም ነው ያልኩህ።»

«አልፈርምም።»

ጠመኔውን መቀመጫው ላይ አስቀመጠ። «ውረዱ» አላቸው ተሳፋሪዎቹን። «ከመጀመሪያው ብሎን ነው የምጀምረው።»

«ኧረ ገበያው ሊያልቅ ነው» አሉ እናትየዋ። «ለባጃጅ ነው ይሄ ሁሉ? ሐጅ ሊሄድባት ነው እንዴ?»

«ይውረዱ እናቴ፣ ዛሬ አለቃው እሱ ነው» አለ ባለባጃጁ።

ሁሉም ወረዱ። የአክስቴ ልጅ ተንበርክኮ አንድ በአንድ ፈተሸ፤ የጠበቁትንም አላልቶ እንደገና አጠበቃቸው። የቀረውን አሠረ። የድመቷን ታሪክ አልጨረሰም። ሲጨርስ ጠመኔውን አንስቶ በሰፊው ፈረመና እኔን ሳያየኝ ወደ ቤት ገባ። ባጃጁ በፊርማው ወደ ገበያ ሄደ።

ሰኞ ዕለት የኬሚስትሪ መምህርቷ መምህራን ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣች፣ «ወንድምህ ሲቆጣ ያምርበታል» አለችኝ። ወንድሜ አይደለም አልኳት፤ የአክስቴ ልጅ ነው። ደብተር ማረሜን ቀጠልኩ። የአንዱን ተማሪ ትክክለኛ መልስ ኤክስ አድርጌ ስሰርዝ ራሴን አገኘሁት።

ለፈተናው ሲሄድ ሳይሰናበተኝ ሄደ። እኔም መኪና ተራ አልሸኘሁትም። ከቤቴ ደጅ ሆኜ የደሴን ሚኒባስ ሲያልፍ አየሁት። ሕልሙ የእኔ፣ ማመልከቻው የእኔ፣ ልምምዱ የእኔ፤ መቀመጫው ላይ ግን እሱ አለ። ቢወድቅስ ብዬ አሰብኩ። ቢወድቅ ዱባይ ይሄዳል፤ ዱባይ ከሄደም ደግሞ ከተማው የሚያወራው ስለ እሱ ነው። የትም ቢሄድ የማልገላገለው ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ስልኬ የጮኸው በእረፍት ሰዓት ነው።

«ቲቸር፣ ገባሁ» አለኝ።

«እንዴት ሆነ?»

«ያው ሽማግሌ ነው። ያው ሰዓት። ጎማውን አጋምሼ ሳለ ደግሞ ጠሩኝ። ስመለስ ‹ካፒቴኑ እየጠበቀ ነው፣ ፈርም› ሲለኝ፣ ወላሂ እጄ ሊሄድብኝ ነበር። እስክሪብቶውን ይዤዋለሁ እኮ።»

«እና?»

«እና የአንተ ፊት መጣብኝ። ያን ቀን ባጃጁ ጋ የነበረው ፊትህ። ደሜ ፈላ። ‹አልፈርምም፣ ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው› አልኩት፣ ለአንተ እንዳልኩህ አድርጌ። ሽማግሌው ‹ምን ያስቆጣሃል?› አለኝ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ተዋናይ ነህ አንተማ» አለ እየሳቀ። «የምር የጠላኸኝ መስሎኝ ስንት ቀን ተቀየምኩህ። ለካ እያስተማርከኝ ነው።»

«አስተማሪ ነኝ እኮ» አልኩት። ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

«የእማዬ ስልክ አይሠራም። ሂድና ንገርልኝ።»

ከትምህርት በኋላ ሄድኩ። አክስቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። ስነግራት ሰፌዱን አስቀምጣ እጄን በሁለት እጇ ያዘች፤ በርበሬው አቃጠለኝ። ዱዓ አደረገችልኝ፤ አንተ ነህ ያደረግከው አለችኝ። ቀጥላም፣ «ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» አለች።

«ጎማ ነው አክስቴ» አልኳት። «ጎማ ይፈታል፣ ይገጥማል። ብሎን ያጠብቃል።»

ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ወረድ አለ። «ይህንማ አስፋልት ዳር ያሉት ልጆችም ይሠሩት የለም እንዴ? ልጄ የለፋው ለዚህ ነው?»

እንደዚያው ትቼው ብሄድ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን እጄን አልለቀቀችም፤ እኔም ግማሽ ማብራሪያ ትቼ መነሳት አልችልበትም።

«እሱ ካልፈረመ አውሮፕላኑ አይነሳም» አልኳት።

«ሰው ተሳፍሮ ቢሆንም?»

«ተሳፍሮ ቢሆንም።»

«አለቃው ቢቆጣስ?»

«ቢቆጣም።»

«የተሳፈረው ባለሥልጣን ቢሆንስ?»

«ባለሥልጣኑም ይጠብቃል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ሻሿን አስተካክላ ተነሳችና እኔንም አስነሳችኝ። «ና፣ ለጎረቤት እንንገር። እኔ እንደ አንተ ማስረዳት አልችልበትም።»

ቤት ለቤት አብሬያት ዞርኩ። ጎማውን፣ ብሎኑን፣ ፊርማውን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳሁ። ሦስተኛው ቤት ስንደርስ «ባለሥልጣኑም ይጠብቃል» የሚለውን እሷ ቀድማኝ ትለው ጀመር። ሰዎቹ ስለ ልጇ ጤንነት፣ ስለ ኩባንያው፣ መቼ እንደሚመጣ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቤቶች ግን ማስረዳቱን ለእሷ ትቼ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።